ጫማዬ የተሸጠበት ቀን

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ከተማችን ኦሮራ በበረዶ ነጭ ሆናለች። ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት የደጄን በረዶ ልዛቅ ብዬ ጋራዥ ገባሁ። አካፋውን ሳነሳ ከኋላው የቆመው አረንጓዴ የጎማ ቦቲ ወደቀ። አነሳሁትና እንደ ልማዴ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የእርጥብ ድንጋይና የሣር ሽታ ሸተተኝ። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፤ እንኳን የቦቲ ሽታ የሰው ከንፈርም አይተርፈው። ሽታው ከጠፋ ቆይቶ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ያልለቀቅሁት። አካፋውን እንደያዝኩ በጋራዡ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። በረዶው ዝም ብሎ ይወርዳል። እኔ ግን በዝናብ ውስጥ፣ በጠባብ መንገድ ላይ፣ ከልጄ ኋላ እየሄድኩ ነበር።

ዘመኑን በቁጥር መጥራት አልችልም። አሁን ሴንትራል ፓርክ የሚሉትን የአጠገባችንን ሰፈር ሁላችንም ገና ስቴፕልተን የምንልበት ጊዜ ነበር። ከግሌንዴል አፓርታማ ወደ ኦሮራ ከተዛወርኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። ሃቫና መንገድ ላይ በነበረው የልባሽ መሸጫ ጥሩ የሱፍ ኮት በስምንት ዶላር ይገኝ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በግማሽ ዋጋ። ያቺን ጥቁር ጫማዬንም የገዛኋት ከዚያው ነው፣ በስድስት ዶላር። ቆዳዋ ለስላሳ፣ በጎኗ ትንሽ ዘለበት ያላት፣ ለሥራም ለቤተ ክርስቲያንም የምትሆን ጫማ ነበረች። ሥራዬ በአረጋውያን መኖሪያ ነበር። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። የደንብ ልብሳችን ሐምራዊ ነበር፤ ሳሙናው ላቬንደር ላቬንደር ይሸታል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ ትምህርትና ለአሥራት ይበቃ ነበር። ተመስገን።

አንድ ልጅ ነው ያለችኝ፤ ቤዛ ትባላለች። አባቷ ያረፈው አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ነርስ ለመሆን ትማር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች የማኅበር ተራ ደርሶኝ፣ ሴቶቹ ቤቴ ተሰብስበው፣ እሷ ዳቦ እያዞረች ሳለ አንዷ «ቤዚ፣ መቼ ነው የምትመረቂው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ መዋሸት አታውቅም። ትሪውን እንደያዘች ትምህርቱን መተዋን ተናገረች። የቆዩ ሕንፃዎችን ድንጋይ መጥረብና መጠገን ልትማር እንግሊዝ አገር ልትሄድ ነው፤ ተቀብለዋታል። ለእኔ ለብቻዬ ልትነግረኝ አስባ ነበር፤ ጥያቄው ቀደማት። እኔም ሳላስብ «የሰው ገላ እያጠብኩ ያስተማርኩሽ ድንጋይ ጠራቢ እንድትሆኚ ነው?» አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ዳቦ የሚያነሳ እጅ ጠፋ። ቤዛ ትሪውን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ክፍሏ ገባች። መልስ ብትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ሄደች። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ትደውልልኝ ነበር።

«ደህና ነሽ እማ?»

«ተመስገን። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ ነው።»

«እዚህ ፀሐይ ነው።»

የሁለት አገር አየር ከመነጋገር ያለፈ ነገር አልነበረንም። አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«ይቅርታ ጠየቅሻት?» አሉኝ።

«በልቤ ጠይቄያታለሁ አባ።»

«የተናገርሻት በልብሽ ነው?»

«በስልክ ብጠይቃትስ?» አልኳቸው።

«ስልኩ ለዝናብና ለፀሐይ ነው አላልሽኝም? ሂጂና ፊቷን እያየሽ ጠይቂያት።»

ቀኖናዬ ይህ ሆነ። ስግደት ቢያዙኝ ይቀለኝ ነበር።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰደችኝ ሐያት ናት፤ በግሌንዴል ዘመን ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ታክሲ ትነዳ ነበር። ሻንጣዬን አንስታ ኮቴን አየችና ሳቀች።

«እትዬ ሙሉ፣ ይሄ ኮት ለእንግሊዝ አይሆንም። እዚያ ዝናቡ የሚመጣው ከጎን ነው ይላሉ።» ከመኪናዋ ኋላ የራሷን የዝናብ ጃኬት አውጥታ ሰጠችኝ፤ በላዩም አንድ ጥቅል ተምር። «ፍልሰታ ነው አይደል? ተምር ቅቤ የለውም። ረመዳን በመጣ ቁጥር አንቺ ስታስቢኝ ኖረሽ እኔ ልርሳሽ?»

«አላህ ይስጥልኝ» አልኳት።

«ደግሞ እዚያ ሄደሽ እንዳትቆጫት። ከተቆጣሽ ተምሬን መልሺ።»

ቤዛ የምትኖረው ባዝ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ በአንዲት አሮጊት ቤት ላይኛው ፎቅ ነበር። ክፍሏ አልጋና መስኮት ናት። በመስኮቱ ደፍ ላይ መዶሻና መሮ ተደርድረዋል፣ እንደ እኔ ጸሎት መጻሕፍት በተርታ። እጇን አየሁት፤ መዳፏ ጠንክሯል፣ ጥፍሯ አጭር ሆኗል። ምንም አላልኩም። ምንም ባለማለቴ ደግሞ የተቆጣሁ መሰልኳት። ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «እማ፣ ዛሬ ሥራ የለኝም። የአካባቢውን ከተሞች ላሳይሽ?» አለችኝ። ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ባዝ የማር ቀለም ያላት ከተማ ናት። ቤቶቿ ሁሉ ከአንድ ቋጥኝ የወጡ ይመስላሉ። ዝናብ ሲነካቸው ይጠይማሉ፤ ደመናው ሲገለጥ ደግሞ ከውስጥ መብራት የበራባቸው ይመስላሉ። በየመስኮቱ አበባ ተንጠልጥሏል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ቫዮሊን ይጫወታል፤ ዜማው ቀስ ያለ፣ ሰውን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ነበር። ቆቡ ውስጥ የንግሥቲቱ መልክ ያለበት ሳንቲም ጣልኩለት። በዚያ ቀን የሰማሁት ዜማ አሁንም ዕቃ ሳጥብ ይመጣብኛል፤ መጨረሻውን ግን አላውቀውም፣ ጥጉን ስንታጠፍ ቀርቷል። ሮማውያን የሠሩት ፍልውሃ ውስጥ ገባን። ከአረንጓዴው ውሃ እንፋሎት ይነሳል። እጄን ልሰድ ስል ቤዛ ክንዴን ያዘች።

«አይነካም እማ። ንጹሕ አይደለም።»

«ሰው ይፈወስበት ነበር አላልሽኝም?»

«ድሮ ነዋ።»

«ለፈውስ ደግሞ ድሮና ዘንድሮ አለው?»

ፈገግ አለች። ሁለት ዓመት ያላየሁት ፈገግታ ነበር፤ ዞር ብዬ ውሃውን አየሁ፣ እንዳላስደነግጠው።

ከፍልውሃው አጠገብ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከፊቱ ላይ ከድንጋይ የተቀረጹ መላእክት መሰላል ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የያዕቆብ ሕልም መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። ያዕቆብ ያን ሕልም ያየው ድንጋይ ተንተርሶ እንደነበር፣ ሲነቃም ድንጋዩን ዘይት እንደቀባው ለልጄ ልነግራት ፈለግሁ። ከዚያም ሌላውን እነግራታለሁ። አፌን ስከፍት በመካከላችን የተማሪዎች ሰልፍ አለፈ፤ ሰልፉ ሲያልቅ ድፍረቴም አለቀ።

ዌልስ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ በባለ ፎቅ አውቶቡስ ሄድን። ከላይ ከፊት ተቀመጥን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የዛፉ ቅርንጫፍ መስታወቱን እየዳሰሰ ያልፋል። በጎቹ ከአጥሩ ማዶ ቁጭ ብለዋል። እኔ ኦሮራ በኮልፋክስ መንገድ አውቶቡስ ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ፤ መስኮቱን አይቼበት ግን አላውቅም፤ አንገቴን ደፍቼ ወይ እጸልያለሁ ወይ አንቀላፋለሁ። ያን ቀን ዓይኔ ከመስኮቱ አልተነሳም። ዌልስ ውስጥ በግንብ የተከበበ ግቢ፣ በግንቡም ዙሪያ ውሃ አለ። ውሃው ላይ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ይንሳፈፋሉ። ሲርባቸው መጥተው ከግንቡ የተንጠለጠለውን ገመድ በአፋቸው ይጎትታሉ፤ ደወል ይደወላል፣ በመስኮት ዳቦ ይጣልላቸዋል። አንዷ ስትደውል በዓይኔ አየሁ።

«እነዚህ ከእኛ ይሻላሉ» አልኩ። «የሚፈልጉትን ደውለው ይጠይቃሉ።»

ቤዛ አየችኝ። እኔ ወፏን አየሁ።

ከግቢው አጠገብ ባለው ካቴድራል ውስጥ አንድ ደረጃ አለ። ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ተበልቶ መካከሉ ጎድጉዷል፤ ከታች ሲያዩት ውሃ የሚወርድበት ይመስላል። ቤዛ ተንበርክካ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ይሄን ማንም በመሮ አልሠራውም፤ መመላለስ ነው የሠራው» አለች። ስለ ሥራዋ የነገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ነበር። ስንወጣ የሻይ ቤት መስኮት ላይ ክሬም የተሞላ ኬክ አየሁ፤ ሻይና ኬክ ስድስት ፓውንድ ይላል።

«አንቺ ግቢና ብዪ፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ» አልኳት።

«እኔም እቆያለሁ። ምሳ ይዣለሁ፣ የጾም።»

የፍልሰታን ቀን ታውቀዋለች ብዬ አልገመትኩም ነበር። ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። አንዳንድ ነገር ሲጠይቁት ይበንናል።

ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ወደ ሦስተኛዋ ከተማ ሄድን። ስሟን ደብቄ አይደለም፤ ጠፍቶኛል። አንድ መንገድ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ በኮረብታው ላይ ደግሞ ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን። መጽሐፍ ውስጥ የምትገባ ከተማ አይደለችም። ለምን እዚህ አመጣችኝ ብዬ ገርሞኛል። ግቢው በር ላይ ስንደርስ መሰላል የተሸከመ ሰው «ቤዛ» ብሎ ጠራትና ማውራት ጀመሩ። እኔ ነጠላዬን አውጥቼ አጣፋሁና በመቃብሮቹ መካከል ወዳለው በር አመራሁ።

ከበሩ ፊት ጣሪያ ያለው መግቢያ አለ፣ ግራና ቀኝ የድንጋይ መቀመጫ ያለው። በግራው መቀመጫ ላይ ጫማ ተደርድሯል። የወንድ ጥቁር ጫማ፣ የልጅ ሰንደል፣ ባለ ተረከዝ፣ አረንጓዴ ቦቲ። ልቤ ደስ አለው። ጠዋት በካቴድራሉ ሰው ሁሉ ከነጫማው ሲገባ አይቼ፣ እኔም የአገራቸው ልማድ ነው ብዬ እያፈርኩ ገብቼ ነበር። እነዚህ ግን ያወልቃሉ፤ የገጠር ሰው ሃይማኖቱን አይለቅም ብዬ አመሰገንኳቸው። ጫማዬን አውልቄ ከተርታው ጫፍ አስተካክዬ አኖርኩ። ከዚያ እንደ ሥርዓታችን በሩን ልሳለም ቀረብኩ። የመቃኑ ድንጋዮች አሮጌ ናቸው፣ ተሰነጣጥቀው ሽበት አብቅለዋል። በቀኝ በኩል ግን በደረቴ ትክክል አንድ ነጣ ያለ ንጹሕ ድንጋይ ነበር። አማተብኩ፤ ግንባሬን፣ ከዚያ ከንፈሬን አሳረፍኩበት። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ዞር ስል ቤዛ ከመንገዱ መካከል ቆማ ታየኛለች። መሰላል የያዘው ሰውም ቆሟል። ነውር የሠራሁ መስሎኝ ፈጥኜ ገባሁ።

ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ሻማ፣ አበባና እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። ፀሐይ በቀለማሙ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ትታለች፤ እግሬን ቀዩ ላይ አኖርኩና ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ፤ የማኅበሩ ዕለት ሳልለምንህ ተከፍቶ ነበር። ቤዛ ከኋላዬ ገብታ እግሬን አየች። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የቦት ጫማዋን ክር ፈታች፣ አወለቀች፣ አጠገቧ አኖረች። ብዙ ቆየን። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ በሕልም ውስጥ ሰዓት የለም።

ስንወጣ ጫማዬ የለም።

ቦቲው አለ፣ ሰንደሉ አለ። የእኔ ብቻ የለም። በመግቢያው አፍ ላይ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ከትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የቆርቆሮ ሣጥንና በእጅ የተጻፈ ካርቶን አለ። ስገባ አልነበሩም። ቤዛ ካርቶኑን አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማ፣ ጫማሽን የት ነው ያኖርሽው?»

«እዚህ። ከሰዎቹ ጫማ ጋር።»

«የሰዎች ጫማ አይደለም። ሰው የሰጠው ነው። ለጣሪያው ማሠሪያ እየሸጡት ነው።»

አሮጊቷን ጠየቀችልኝ። አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ባለ ዘለበቷን ጥቁር ጫማ ውሻ የያዘች ሴትዮ አሁን ገዝታ ሄደች፤ ሁለት ፓውንድ ከፈለች፤ በጣም ነው የወደደችው።

«ሁለት ፓውንድ?» አልኩ። «ስድስት ዶላር ገዝቻት፣ ገና አዲስ ናት በያቸው።»

ቤዛ ልትተረጉም ሞከረች፣ አልቻለችም። ሳቋ መጣ። ድንጋዩ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ምን ያስቃል? በእግዚአብሔር ደጅ ጫማዬ ተሽጣ።»

«ሶሪ እማ… ጫማሽ ጣሪያ ሆነች እኮ።»

እኔንም ሳቅ ያዘኝ። አሮጊቷ መጀመሪያ ፈሩ፣ ቆይተው አብረውን ሳቁ። ከተርታው በእግሬ ልክ የሚሆን ፈለጉልኝ፤ አረንጓዴው ቦቲ ብቻ ሆነ፣ እሱም ሰፋ ይላል። ገንዘብ ላወጣ ብል እጄን ይዘው ከለከሉኝ። በነጠላና በአረንጓዴ ቦቲ ስቆም ልጄ እንደገና ሳቀችብኝ። ሐያት ባየችኝ አልኩ በልቤ።

ከመቃብሮቹ አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ደወሉ ዘጠኝ ሰዓት ሲመታ ቤዛ ምሳችንን ፈታች፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ ምስር፣ ቲማቲም፣ የሐያት ተምር። አማተብን፣ በላን። ዝናቡ ቆሟል። ሣሩ ይሸታል።

«እማ» አለች፣ ምስሩን እያየች። «ስትገቢ ለምን ያን ድንጋይ ሳምሽ?»

«የቤተ ክርስቲያን በር ይሳለማሉ። ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ግን ለምን እሱን? ሌላ ብዙ አለ።»

«ንጹሕ ስለሆነ ነዋ። ሌላው ሽበት አብቅሏል።»

የምስሩን ሳህን አስቀምጣ አንድ ተምር አነሳች።

«እሱን የጠረብኩት እኔ ነኝ። የፊተኛውን ድንጋይ ውርጭ ሰንጥቆት ነበር። ለብቻዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። አንደኛውን አበላሽቼ እንደገና ጀመርኩ።» የተምሩን ፍሬ በጣቶቿ ታዞራለች። «ላሳይሽ ነበር ያመጣሁሽ። መንገድ ላይ ፈራሁ። ባዝንና ዌልስን ያሳየሁሽ መጀመሪያ ትልልቁን ብታዪ ብዬ ነው… ከዚያ እንዴት እንደምነግርሽ አላወቅሁም። ደግሞ አንቺ ሄደሽ ሳምሽው።»

ጠዋቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ቦቲዬን አየሁ፣ እጇን አየሁ። ከዚያ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?»

«ቅድም ሳላውቅ ነው የሳምኩት» አልኳት። «ሳያውቁ የሳሙት አይቆጠርም።»

ወደ በሩ ተመለስኩ። ቦቲውን አወለቅሁ፤ አሁን ግን መቀመጫው ላይ አላኖርኩትም፣ በብብቴ ሸጎጥኩት። አሮጊቷ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጄ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ። በጥርቡ ጠርዝ ላይ የመሮው ጭረት በጣቴ ይታወቀኝ ነበር፣ ቀጭን፣ የተስተካከለ፣ እንደ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት። ሳምኩት። ከዚያ ዞሬ፣ አባ እንዳዘዙኝ ፊቷን እያየሁ፣ «ይቅር በይኝ። በሰው ፊት አሳፍሬሻለሁ። ሥራሽ የሚያኮራ ነው» አልኳት። ከዚህ የረዘመ ነገር አልተናገርኩም። አሮጊቷና መሰላል የያዘው ሰው ቆመው ነበር፤ ቋንቋውን ባይሰሙም በሰው ፊት ነበር። ደስ አለኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ እማ» አለች። «አሁን ቦቲሽን አድርጊ። እግርሽ በረዶ ሆኗል።»

ማምሻውን በአውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ ተመለስን። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ተኛች፤ እኔ መንገዱን አየሁ።

ቤዛ እዚያው ናት። እሑድ እሑድ አሁንም ትደውላለች፤ ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ ድንጋይ ታወራኛለች፣ የትኛው ውሃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ። ብዙውን አይገባኝም፤ እሰማታለሁ። አንዳንዴ «ቦቲው አለ?» ትለኛለች። «አለ» እላታለሁ። «ማንም አልገዛውም?» ትለኛለች።

ዛሬም በረዶውን ዝቄ ስጨርስ ቦቲውን አደረግሁና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች የተገዛ አሮጌ ሕንፃ ነው፤ ግድግዳው ቀይ ጡብ፣ መኪና ማቆሚያው ሰፊ። አረንጓዴ ቦቲዬን መደርደሪያው ላይ ከሰው ጫማ ጋር አኖርኩ። በሩ አጠገብ ሁልጊዜ የምሳለመው አንድ ጡብ አለ። ማን እንዳኖረው አላውቅም፤ እኛ ወደዚህ አገር ሳንመጣ የሞተ ሰው ይሆናል፣ የእኛን ሃይማኖትም አያውቅ ይሆናል። ድሮ የምስመው የእግዚአብሔር ቤት ስለሆነ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ግንባሬን ሳሳርፍ ይህን ያኖረው የማን ልጅ ይሆን እላለሁ። እናቱም ሥራውን አይታው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ካላየችው ብዬ፣ ስለ እሷም አንድ ጊዜ ጨምሬ እስመዋለሁ።